ዝም ያሰኘችው ቤት

ዚፕ እምቢ ያለው፣ ጫማ የጠበበው፣ ጨው እየረጠበ ያስቸገረው፣ ከላዩ የሚኖር ጎረቤት ወንበር እየጎተተ ናላውን ያዞረው ሰው ሁሉ መጨረሻው እሷ ዘንድ ነበር። ሱቋ ከአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች ክፍል ናት፤ የስፌት መኪናው፣ ረጅሙ ጠረጴዛና ግድግዳውን የሸፈነው የክር ጥቅል ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ለደንበኛ የምትተርፈው አንዲት ዱካ ብቻ ናት። በሩ ላይ «ልብስ ይጠገናል» ተብሎ ተጽፏል። ምክር ይሰጣል የሚል ነገር የትም አልተጻፈም፤ ግን ልብሱን ይዞ የገባ ሁሉ ወደደም ጠላም ምክሩንም ይዞ ይወጣል። ሰፈሩ «ባለመላዋ» ይላታል። ፊት ለፊት ሲያገኟት ደግሞ «እትዬ» ነው፤ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት ባሏና የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

«ዚፕ አትታገል» ትላለች መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ። «በተናደድክ ቁጥር ይብስበታል። ሻማ አምጣና ጥርሱን ከላይ እስከ ታች እሸው፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነህ ቀስ ብለህ ሳበው።» ክር ለሚተበተብባት ደግሞ፣ «ከክንድሽ የረዘመ ክር ስንፍና ነው። መርፌ መልሰሽ ላለመሰካት ብለሽ ያስረዘምሽው ነው አሁን የሚያንገላታሽ» ትላለች። ለጨው ጥቂት ፍሬ ሩዝ፣ ለጠበበ ጫማ የረጠበ ጋዜጣ። ስለ ሰልፍም የራሷ አቋም አላት፤ «ርዝመቱን አትዪ፣ ከፊትሽ ያሉትን ሰዎች እጅ እዪ። ወረቀቱን ይዞ የቆመ ቶሎ ያልፋል። ቦርሳውን የሚያተራምስ ካለበት ግን ሰልፉ ሁለት ሰው ቢሆንም ሽሺ!» ሦስተኛ ፎቅ ያለው አስተማሪ ወንበር እየጎተተ ከሥሩ ያሉትን ሲበጠብጥ፣ ሰዎቹ ለጠብ ሲዘጋጁ እሷ ከተረፈ የሱፍ ኮት ላይ ለአሥራ ስድስት የወንበር እግር አሥራ ስድስት ካልሲ ሰፍታ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ «ከሥር ጎረቤቶችህ በሰላምታ» ብላ ላከችለት። አስተማሪው አፈረ፤ ካልሲዎቹን ግን አጠለቃቸው። እስከ ዛሬም ከፎቁ ድምፅ አይሰማም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ምክሯ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ችግሩ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ አይሆንላትም። ግማሹን ሲሰሙ ቀሪውን የሚያውቁ ሰዎች አሉ አይደል? እሷ ደግሞ ሩቡ ይበቃታል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት የወንድ ኮት ይዛ መጥታ «ልጄ ይህን ኮት...» ከማለቷ፣ «ኪሱን ቀዶት ነው! ስልክ እያስገባበት ነው፤ ንገሪው!» ብላ ቀማቻትና ሴትዮዋ እያየች እዚያው ኪሱን ሰፋችው። ሴትዮዋ አመስግና ወጣች። ልጇ ሩቅ አገር ሄዶ ኮቱን ጥሎላት እንደነበር፣ እሷም ለራሷ አሳጥራ ልትለብሰው ፈልጋ እንደመጣች ባለመላዋ የሰማችው ከሳምንት በኋላ ከሰው አፍ ነው። የዚያን ዕለት እህል ከአፏ አልገባም። በማግስቱ ሴትዮዋን ቤቷ ድረስ ሄዳ ኮቱን አሳጠረችላት። ልማዷ ግን አልለቀቃትም።

ታች ለሰው ሁሉ መላ ስትፈልግ የምትውለው ይህች ሴት፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው የገዛ ቤቷ ጉድ ነበር። የመግቢያው በር በተከፈተ ቁጥር ሲጢጥ ብሎ ለሕንፃው ሁሉ ያወራል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሌት ተቀን ጠብ፣ ጠብ ይላል። ኮሪደሩ መሀል፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ በተረገጠ ቁጥር የሚያቃስት አንድ ጣውላ አለ። ሳሎን የተሰቀለው ሰዓት ደግሞ ቀጭ ቀጭ ሲል ያልለመደው እንግዳ የሚያወራው ይጠፋዋል። ባለመላዋ በዚህ ሁሉ ታፍራለች። የዘይት ጠርሙሷን አንስታ ወደ በሩ በሄደች ቁጥር ግን ባሏ ከተቀመጠበት ሆኖ «ተይው እባክሽ፣ ምን አደረገሽ?» ይላታል። እሷም ሽማግሌ መቼ ለውጥ ይወዳል ብላ፣ ታችም ሥራ ስለሚጠብቃት፣ ጠርሙሱን መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ባሏ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ዓይኑን መጋረጃ ነገር ይጋርደው ጀመር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው ብርሃን አይመለስም አለው። በመጀመሪያ ዳር ዳሩ ሄደ፤ ከዚያ መሀሉም ተከተለ። አሁን የሚለየው መስኮቱን ብቻ ነው፤ እሱንም ፀሐይ ስትኖር። ያም ሆኖ ቀልዱን አልተወም። ሚስቱን «የጥቃቅን ጉዳዮች ሚኒስትር» ይላታል፤ ማታ ከሱቅ ስትመለስ «ክብርት ሚኒስትር፣ ዛሬ ስንት ዚፕ ነፃ ወጣ?» ብሎ ይቀበላታል። ቀን ቀን እላይ ብቻውን ይውላል። ሻዩን ያፈላል፣ ሬዲዮኑን ይሰማል፣ ሲሰለቸው ደረጃውን በእጅ መደገፊያው ወርዶ ከሱቋ አጠገብ ካለው ፀጉር አስተካካይ ጋር ሲያወራ ይቆያል። እጁን ልትይዘው ስትል «ቤቴን አውቀዋለሁ» ብሎ ይከለክላታል። እንዴት እንደሚያውቀው ግን አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው። አንድያ ልጃቸው ሌላ ከተማ በሆስፒታል ላብራቶሪ ትሠራለች፤ እንደ እናቷ ፈጣን፣ እንደ አባቷ ለስላሳ ናት።

«እማ፣ እንቅልፍ አጣሁ» አለቻት። «አንቺ ታች፣ አባዬ እላይ። አንድ ቀን ወድቆ ብታገኚውስ?»

«አይወድቅም! ቤቱን...»

«ያውቀዋል፣ እሺ። እሑድ እመጣለሁ። ብቻውን እንደልቡ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ካየሁ ሁለተኛ አላነሳባችሁም። ካልሆነ ግን ሁለታችሁንም ይዤ ነው የምሄደው። እኔ ጋ ክፍል ሞልቷል።»

ባለመላዋ ስልኩን ዘግታ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ክፉ አላሰበችም፤ እሱን ልቧ ያውቃል። ግን ሱቁ የሃያ ሁለት ዓመት ሱቅ ነው። ከዚያ ደግሞ የሚብሰው የባሏ ነገር ነው። ይህንን ቤት ዓይኑ ደህና ሳለ አይቶታል፤ ግድግዳውን ራሱ ነው የቀባው። የልጁን ቤት ግን አይቶት አያውቅም፣ ወደፊትም አያየውም። አይቶት በማያውቀው ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሃ እስኪያመጡለት ሲጠብቅ ታያት፤ አንጀቷን በላት። ማታ ልጅቷ ያለችውን ለባሏ ነገረችው፤ በልቧ ግን እንግዲያው ቤቱን እንከን የሌለው ማድረግ ነው አለች። ልጅቷ ስትመጣ ጣቷን የምትቀስርበት ነገር ማግኘት የለባትም።

ቅዳሜ ጠዋት «ዛሬ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ሱቋ ላይ ለጠፈች። ባሏን ቀኑን ሙሉ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ልታውለው ጃኬቱን አለበሰችው። ሰውዬው በሩ ላይ ሲደርስ የዘይቱን ሽታ አወቀውና ቆመ።

«ስሚ እንጂ፣ ያንን በር...»

«በሩን ለእኔ ተወው! አንተ ሂድና ጢምህን ተላጭ፤ ነገ ልጅህ ትመጣለች።»

«አይ፣ እኔ ልልሽ የፈለግኩት...»

«ሂድ አልኩህ እኮ!» ብላ በፍቅር ገፋ አደረገችው። እሱም ሄደ።

ከዚያ ባለመላዋ እጅጌዋን ሰበሰበች። የበሩን ማጠፊያዎች ዘይት አጠጣቻቸው፤ አሥር ጊዜ ከፈተች፣ አሥር ጊዜ ዘጋች፣ ድምፁ ጠፋ። የቧንቧውን ጎማ ቀየረች። የሚያቃስተውን ጣውላ በሦስት ረጃጅም ምስማር ከሥሩ ካለው እንጨት ጋር አጣበቀችው። ለሰዓቱ ከጀርባው ወፍራም ሱፍ ሰፍታ ሰጠችውና ቀጭ ቀጩ ጆሮ ካላስጠጉ የማይሰማ ሆነ። ወንበሮቹ ካልሲ አጠለቁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወገቧን ይዛ ኮሪደሩ መሀል ቆመች። ቤቱ ጭጭ ብሏል። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

ባሏ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ስማ!» አለችው።

«ምኑን ልስማ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ምንም!»

ሰውዬው መግቢያው ላይ ቆሞ ቀረ። ፊቱን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዞረ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «እጅሽ ይባረክ» አለ። ያን ምሽት ሻዩን አላፈላም፤ እራቱንም ሳሎን አምጪልኝ አላት። ፀጉር አስተካካዩ በወሬ አድክሞት ነው ብላ አሰበችና ደስታዋ ሳይጎድል ተኛች።

እሑድ ረፋድ ላይ ልጃቸው ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እየጎተተች ደረሰች። ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ የእናቷንና የአባቷን ልብስ ልትከትባቸው ነው ያመጣቻቸው። ባለመላዋ ሻንጣዎቹን አንድ ጊዜ አይታ፣ አፏን ሞልታ «እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ልጅ!» ብላ አቀፈቻት። ልጅቷ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። ቧንቧውን ነካች፣ በሩን ገፋ አድርጋ አየች።

«እማ፣ ቤቱን አሳምረሽዋል!»

«ታዲያስ!» አለች ባለመላዋ።

ምሳ በሉ፣ ሳቁ። ልጅቷ አባቷን አየችው፤ ከወንበሩ አንድም ጊዜ እንዳልተነሳ ልብ ብላለች። በመጨረሻ ድምጿን ቀለል አድርጋ፣ «አባዬ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ታመጣልኛለህ?» አለችው።

ጥያቄው ምን እንደሆነ ሦስቱም ያውቁታል። ሰውዬው ጠረጴዛውን ደግፎ ተነሳ። ሸሚዙን አስተካከለ። ሳሎኑን እንደምንም አለፈና ኮሪደሩ ውስጥ ገባ። እናትና ልጅ ከኋላው ቆሙ። ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ቆመ። ጆሮውን ዘንበል አደረገ። ሌላ እርምጃ ሞከረ፤ እጁ የመታጠቢያ ቤቱን በር አገኘ፣ ወጥ ቤት መስሎት ገባ፣ ጉልበቱ ከመታጠቢያው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ወጣ። ዞረ። አሁን ከየት እንደመጣም ጠፋው። ያ ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማው ጠባብ መንገድ ሁሉ ያን የሚያህል አውቶቡስ ያሽከረከረ ሰው፣ በገዛ ኮሪደሩ መሀል ሁለት እጁን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆመ።

«ቤቱ የት ሄደ?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ቀስ ብሎ።

ልጅቷ እንባዋ መጣ። እናቷን አየቻት፤ አስተያየቷ «ያልኩሽ አይደል?» የሚል ነበር። ባለመላዋ ደነገጠች፤ ስትደነግጥ ደግሞ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ግድግዳውን ይዘህ ሂድ! በቀኝህ ቁጠር፣ አንድ፣ ሁለት... ነገ ገመድ እዘረጋልሃለሁ፣ ከሳሎን እስከ...»

«አንቺ!» አለ ባሏ።

በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር ድምፁን እንዲህ ሲያነሳ ሰምታው አታውቅም።

«አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አስጨርሺኝ። ቧንቧዋ ወጥ ቤቱ እዚህ ነው ትለኝ ነበር። ጣውላዋ መታጠቢያ ቤቱን አለፍክ ትለኝ ነበር። ሰዓቱ ሳሎኑን ያሳየኛል። በሩ ሲጮህ ማን እንደገባ አውቃለሁ፤ አንቺ ቶሎ ነው የምትከፍቺው፣ ሌላ ሰው ፈራ ተባ ይላል። ቤቴን አውቀዋለሁ የምልሽ በእነሱ ነበር። ትናንት ልነግርሽ ነበር። ማታ ስገባ ደግሞ ድምፅሽ ደስ ብሎት ሰማሁት፤ እንዴት ላፍርሰው?»

ባለመላዋ አፏን በእጇ ያዘች። ያቺ ኮት ይዛ የመጣችው ሴት ትዝ አለቻት። አሁን ግን የምትሰፋው ኪስ አልነበረም። በጎኑ አልፋ ወጥ ቤት ገባች። ብረት ሳህን አንስታ ከቧንቧው ሥር አስቀመጠችና ቧንቧውን በጣም በትንሹ ፈታች።

ጠብ።

ሰውዬው ቀና አለ።

ጠብ። ጠብ።

እጆቹን ከግድግዳው አነሳ። ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረና አራት እርምጃ ተራመደ፤ ወጥ ቤት ገባ። ከመደርደሪያው ብርጭቆ አነሳ፣ ጣቱን ከጠርዙ በታች አስገብቶ ቧንቧውን ከፈተ፣ ውሃው ጣቱን ሲነካው ዘጋው። ከዚያ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ልጁ ትንፋሽ ሄደና «እንኪ» አላት። ጠብታ አላፈሰሰም። ልጅቷ ውሃውን ተቀብላ በሁለት እጇ ያዘችው።

«እሺ» አለች ባለመላዋ። «እኔ አላውቅም። ንገረኝ፤ ምን ላድርግ?»

ባሏ ሳቀ። «ሚኒስትሯ ምክር ጠየቀች! ካቻቢቴ አምጪ።»

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ቤት ሲያበላሹ ዋሉ። ጣውላው ቀላል ነበር፤ ልጅቷ በፒንሳ ሦስቱን ምስማር ነቀለችና ረገጠችው፣ አቃሰተ። ሰዓቱ ሱፉን አወለቀ፤ የቧንቧው አሮጌ ጎማም ወደ ቦታው ተመለሰ። የበሩ ነገር ግን ጉድ አፈላ። ባለመላዋ ሰው ሁሉ በሩን እንዴት ዝም እንደሚያሰኝ ስትነግር ኖራለች፤ ዝም ያለ በር እንዴት እንደሚጮህ ግን የጠየቃት አልነበረም። በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘይቱን አጠበችው፤ በሩ ጭጭ። አደረቀችው፤ ጭጭ። ባሏ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ፣ ድሮ የሞተር ድምፅ እንደሚያዳምጠው ሆኖ፣ «የላይኛውን ብሎን ጠበቅ አድርጊ... በጣም አይደለም... ግማሽ ዙር... አሁን ክፈቺው» አላት። ከፈተችው። በሩ መጀመሪያ ጎርነን ብሎ አጉረመረመ፤ በሁለተኛው ሲጢጥ አለ። ልጅቷ በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እማ፣ ደንበኞችሽ ቢያዩሽ!»

«ዝም በይ አንቺ፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አለች ባለመላዋ፣ ፊቷ በሳሙና አረፋ ተለውሶ።

ከዚያ ልጅቷ ተነሳችና ሳሎኑ መሀል ቆማ ዓይኖቿን ጨፈነች። «አባዬ፣ ውሰደኝ» አለችው። እጇን ይዞ መራት። «ይቺ ሰዓቷ ናት፤ ከጀርባሽ ተዪያት። አሁን ጣውላዋን ትረግጫለሽ... ይኸው። ቧንቧዋን ስሚ፤ ወደ እሷ።» ከወጥ ቤቱ ሲደርሱ እጇን ለቀቃት። ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ ብቻዋን ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች፣ እንደገና ተመለሰች። በሦስተኛው ላይ ቆማ ዓይኗን ገለጠች። ምን እንደወሰነች አልተናገረችም፤ እናቷም፣ ይገርማል፣ አልጠየቀቻትም፤ ምላሷን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች።

የማታው አውቶቡስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ልጅቷ አባቷን ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ ሲያፈላ ስማው፣ ኮሪደሩ ላይ እናቷን አጥብቃ አቀፈቻት። ከዚያ ሻንጣዎቹን አንስታ ወጣች። በሩ ሲጢጥ አለ። ከዚያ ደረጃው ላይ የሻንጣዎቹ ድምፅ ተሰማ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ ከደረጃ ደረጃ ቀለል ብሎ ወረደ።

ባሏ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ጆሮውን ጣለ። ድምፁ ከታች እስኪጠፋ አዳመጠ። ባለመላዋ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየችው።

«ሻንጣዎቹ...» አለ።

ባለመላዋ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ሻንጣዎቹ ባዶ ናቸው፣ አይደል?»

«ባዶ ናቸው» አለችው።